ሁሉም «ቆንጆ ነው» ያለው ታንኳ

በኢንተርኔት የሥዕል መድረክ ላይ የከፈትኩት የውይይት ክር ከረዘመ በኋላ አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ እየታከተው ያንኑ ጥያቄ ይደግም ጀመር። የትኛው እርሳስ ይሻላል የሚለው ብቻ አራት ጊዜ ተጠይቋል። ስለዚህ የመድረኩ አስተዳዳሪ፣ ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ነኝና፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው እንድተርክ አዘዘኝ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ በንዴት የተጻፈ ነው፤ የእኔ 8ኛ መልስም ከእነዚያ አንዱ ነው።

መነሻው እንዲህ ነበር። የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ፣ እሑድ ሲቀር፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ጣና ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ታንኳ በእርሳስ እነድፋለሁ። ስምንት ወር ሆነኝ፤ ሰባት ደብተር ሞላ። ባለቤቴ ቆንጆ ነው ትላለች። የቢሮ ባልደረቦቼ ቆንጆ ነው ይላሉ። አንድ ጎረቤቴማ ከደብተሩ ገንጥሎ፣ መስታወት አስገጥሞ ሳሎኑ ሰቅሎታል። ባለፈው ሰሞን የመጀመሪያውንና ሰባተኛውን ደብተር ጎን ለጎን ብዘረጋቸው ግን የትኛው ቀድሞ እንደተሠራ መለየት አልቻልኩም። ያው ታንኳ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ስህተት፤ ስህተቱ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። መለማመድ ሰውን ያሻሽላል ከተባለ እኔን ለምን አላሻሻለኝም ብዬ ጠየቅሁና ከሥሩ አንድ ገጽ አያያዝኩ፦ ከደንገል፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ በታሰረ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ፣ መቅዘፊያውን ወደ ውሃው አስገብቶ፣ ከበስተኋላው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ዛፎች።

1ኛው መላሽ ቆንጆ ነው አለ። 2ኛው ደግሞ ቆንጆ መሆኑን አረጋግጦ፣ እጄን ባርኮ፣ እንድበረታ መከረኝ። ጥያቄውን ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ፤ ግን ምርቃት ነውና አመስግኜ አለፍኩ።

3ኛው በቁጥር መጣ። በማንኛውም ሙያ ለመካን 10 ሺህ ሰዓት እንደሚያስፈልግና እኔ ገና ጀማሪ መሆኔን አስረዳኝ። ቁጥር ሲነሳ እጄ አያርፍም፤ እሑድን ቀንሼ ዓመቱን 312 ቀን አደረግሁና አካፈልኩት። 32 ዓመት ሆነ። በ73 ዓመቴ አንድ ደህና ታንኳ እስላለሁ ማለት ነው።

4ኛው፣ መምህር መሆናቸውን የገለጹ ሰው፣ ያንን ቁጥር አረሙት። ነገሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተመው ጥናት ነው። የተጠኑት በርሊን ውስጥ ቫዮሊን የሚማሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ 10 ሺህ ሰዓት የሚባለው ጎበዞቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በአማካይ የተለማመዱት ነው እንጂ እዚያ የደረሰ ሁሉ የሚያልፍበት በር አይደለም። የጥናቱ ቁም ነገር ሰዓቱ ሳይሆን የልምምዱ ዓይነት ነው፦ ድካም ያለበትን ቦታ ለይቶ፣ እዚያው ላይ ተመልሶ፣ እየታረሙ መሥራት። ከዚያ መምህሩ የጨመሩት ምሳሌ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ ደብዳቤ ሲፈርም የኖረ ሹም ፊርማው እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ የእጅ ጽሑፉ አያምርም። እኔም ታንኳዬን እየፈረምኩ እንደሆነ በትሕትና ገለጹልኝ።

5ኛዋ መላሽ በምን እርሳስ እንደሠራሁ ጠየቀች። 6ኛው ቀድሞኝ መለሰላት፤ ደህና መልስ ነበር። በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሁለቱን ቀላቅሎ የመሥራቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1795 አስመዝግቧል። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይነጣል፤ ይህ ላዩ ላይ ኤች (H) የሚጻፍበት ወገን ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ ይህ የቢ (B) ወገን ነው። ተማሪ ቤት የምናውቀው ኤችቢ መሀል ላይ ነው። አንድ ኤችቢ (HB) እና አንድ አራት ቢ (4B) ለጀማሪ ይበቃሉ፤ የተረፈው ገንዘብ ወረቀት ላይ ይዋል አለ። ወደፊት ለሚጠይቁ ሁሉ፦ መልሱ ይኸው ነው።

7ኛው መልስ የመጣው ጠዋት ነው። ቢሮ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ጆሮዬ ጋለ።

ሰላምታ የለውም። ሌሎቹ እርስዎ ሲሉኝ ይህ በአንተ ጀመረ። አስቀድሞ የጠቆመው አድማሱን ነው። በሥዕሌ ላይ ውሃና ሰማይ የሚገናኙበት መስመር ከዓሣ አጥማጁ አናት ሁለት ራስ ያህል ከፍ ብሎ ተሰምሯል። አድማስ ግን የትም ቢሆን በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ነው የሚውለው። ይህን ያህል ከፍ ካለ ሰውየውን እያየሁት ያለሁት ከዛፍ ላይ ነው፤ ከዛፍ ላይ ካየሁት ደግሞ የታንኳው ውስጥ፣ የተቀመጠበት የደንገል እስር፣ የጭኖቹም ላይኛው ክፍል መታየት ነበረባቸው። እኔ ታንኳውን የሳልኩት ሳንቲም ላይ እንዳለ ምስል ከጎኑ ነው። ባሕሩን ከዛፍ፣ ታንኳውን ከድንጋይ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ እያየ ነበር።

ቀጥሎ መቅዘፊያው። የላይኛው ጫፉ ወደ ግራ ያዘነበለ ዘንግ ሥዬአለሁ፤ ነጸብራቁን ደግሞ ያንኑ መስመር ወደ ታች ቀጥዬ ወደ ቀኝ አውርጄዋለሁ። ውሃ እንዲህ አያደርግም ይላል መልሱ። የእያንዳንዱ ነገር ነጸብራቅ በቀጥታ ከሥሩ ነው የሚወድቀው፤ የዘንጉ ጫፍ በግራ ካለ የነጸብራቁም ጫፍ በግራ ነው። ስለዚህ ዘንጉና ነጸብራቁ ውሃው ላይ ሲገናኙ እንደታጠፈ ክርን ይሆናሉ እንጂ አንድ ቀጥ ያለ በትር አይሆኑም። ከዚያ ዘጌ፦ ሩቅ ያለ መሬት በመሀል ያለው አየር ያገረጣዋል፤ እኔ ግን ዛፎቹን ከታንኳው እኩል አጥቁሬ የዓሣ አጥማጁ ትከሻ ላይ ጭኛቸዋለሁ። በመጨረሻም ታንኳው ከሥሩ በአንድ ወፍራም መስመር ስለተዘጋ ውሃ ውስጥ ያለ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰሃን ይመስላል።

እስከዚህ ድረስ ቢቆም ኖሮ ምናልባት እታገሠው ነበር። መደምደሚያው ላይ ግን ስምንት ወር ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሐይቁን አንድ ቀን እንኳ አለማየቴን፣ የምገለብጠውም ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን፣ ለቱሪስት በሚሸጥ ቆዳ ላይ የሚሣለውን ታንኳ መሆኑን ጻፈ።

8ኛው የእኔ ነው። ልናገረውና ይውጣልኝ፦ ጨዋነት ከሥዕል እንደሚቀድም፣ ሰውን አንተ ለማለት መጀመሪያ መተዋወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ይህን ያህል ካወቀ ደግሞ ሥራውን አምጥቶ እንዲያሳይ ጻፍኩ። ሥራህን አሳይ ማለት የተሸነፈ ሰው የመጨረሻ ምሽግ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ዶሮ ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት ወጥ መሥራት አያስፈልግም።

9ኛው ከእኔ ወገን ቆመና 7ኛውን ሰው አፋፍ ላይ ያለን ጀማሪ ገፍቶ እንደሚጥል ከሰሰው። 10ኛው በአንድ መስመር ብቻ፣ ከመቆጣቴ በፊት ነገ ጠዋት ሄጄ መቅዘፊያውን እንድመለከት ነገረኝ። ይህንንም ችላ አልኩት።

11ኛው ላይ መምህሩ ተመለሱ። የክሩ አስታራቂ እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ አስተያየት የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። በአማካይ አስተያየት ሥራን ያሻሽላል፤ ግን ከሦስት አንዱ በላይ በሚሆነው ጊዜ አስተያየት ከተሰጠ በኋላ ሥራው ባሰ። ተመራማሪዎቹ ካቀረቡት ማብራሪያ አንዱ፣ አስተያየቱ ሐሳብን ከሥራው አንሥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲያዞር ጉልበቱ ይደክማል የሚል ነው። ይህ ለስድብ ብቻ አይደለም፤ ጎበዝ ነህ ለሚለውም ይሠራል። መምህሩ እንግዲህ 7ኛውን መልስ ከፋፈሉት። አራቱ ነጥቦች ስለ ወረቀቱ ናቸው፣ አንዱ ስለ እኔ ነው። አራቱን እንድወስድና አንዱን ለጻፈው እንድመልስ መከሩኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ዓይነት ማስታረቅ ይገባዋል።

12ኛው መልስ ክሩን ወደ ዘጌ ወሰደው። ጸሐፊው አጎቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንደነበሩና ልጅ ሆኖ እሳቸው ዘንድ እንደዋለ ተረከ። ለረጅም ጊዜ ብሩሽ የሚባል አልተሰጠውም፤ ቀለም ሲፈጭ፣ ውሃ ሲቀዳ ከረመ። ከዚያ የአጎቱን መስመር ተከትሎ መቅዳት ብቻ። አጎቱ ቆንጆ ነው ብለው አያውቁም፤ ልክ ካልሆነ በእርጥብ ጨርቅ ያጠፉታል፣ ልክ ከሆነ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን እንደ ሽልማት ይቆጥረው ነበር። እዚያው ዘጌ ወዳለው ገዳም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሄዶ የመቅደሱን ግድግዳ ላየ ሰውም ይህን አስታወሰ፦ እዚያ ያለው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ፣ ክፉዎች በጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይቀራሉ። ይህ ሥርዓት ነው፤ ተማሪ ሥርዓቱን ሳይዝ የራሱን መፍጠር አይጀምርም።

13ኛው ተናደደ። ኋላ የቀረነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መቅዳት እጅን ባሪያ ያደርጋል፤ ሰው የሚማረው ተፈጥሮን አይቶ ነው፤ በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው ደግሞ ሠዓሊው የጎን ፊት ስላልቻለ ነው አለ። የመጨረሻዋ ነገር ስህተት ናት፤ የጎን ፊት የሣለው ሰው የጎን ፊት አልቻለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

14ኛው ይህንኑ ይዞ አልለቀቀውም። ቋንቋው ሻካራ ነበር፣ አስተዳዳሪው ሁለት ቃል አጥፍቶበታል፤ ይዞት የመጣው ነገር ግን ጠንካራ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ የእመቤታችንን ሥዕል ሠርቶ ስሙን ጽፎበታል፤ ሥዕሉ እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ በሚባለው የደሴት ገዳም ነው። ስሙን የሚጽፍ ሰው የእጁን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ጎንደር ዘመን ማብቂያ ደግሞ ሠዓሊዎቹ ፊትን በጥላና በብርሃን እያጎበጡ፣ ልብስን እያጣጠፉ መሥራት ጀምረዋል፤ ሥርዓቱ አላሰራቸውም። አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤት ወጥተው ቺካጎ የተማሩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋባቸውም። መቅዳትና ማየት ለምን ይጣላሉ?

15ኛዋ ጸሐፊ ግን ሁለቱንም በአንድ ምት አስቆመቻቸው። ወንዶች ስለ ዳጋ ሥዕል ሲከራከሩ ውለው ያድራሉ፤ እሷ ሴት በመሆኗ ዳጋ እስጢፋኖስም ሆነ ክብራን ገብርኤል መውረድ እንደማይፈቀድላት ያስታወሰ የለም። የዓይን ትምህርቷን ያገኘችው ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ በደብተር ሳይሆን ቆሞ በማየት። የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ መሆናቸውንና እዚያው በእመቤታችን እግር ሥር ተሥለው እንደሚታዩም ጨመረች። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። 16ኛው የጀልባ ኪራይ ስንት እንደገባ ጠየቀ፣ 17ኛው ዋጋው ተደራዳሪውን አይቶ እንደሚወሰን ነገረው፣ 18ኛው ስለ ዘጌ ቡና ነበር፤ አስተዳዳሪው ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አሳሰበ።

19ኛው እንደገና እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ያቺው ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እርሳስ አላወጣሁም። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። አንድ ታንኳ ከደንገሉ መሀል ወጣ። የሰውየውን መቅዘፊያ ብቻ ተከተልኩ። ዘንጉ ወደ ግራ ሲያዘነብል ከሥሩ ያለውም ወደ ግራ አዘነበለ፤ ሁለቱ ውሃው ላይ ተገናኝተው ታጠፉ። ቀና ሲያደርገው ክርኑ ተዘረጋ፤ ወደ ቀኝ ሲጥለው ወደ ቀኝ ታጠፈ። አንድ ሰው ክንዱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ የሚያሳየኝ ያህል ነበር፣ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ። ይህ ነገር ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው ፊት ለፊቴ ሲደረግ ነበር። ከዚያ ማስመሪያዬን በዓይኔ ልክ አግድም ይዤ አድማሱን ፈለግሁ። ጣና ወደ 84 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም በሰሜን በኩል ማዶው አይታይም፤ ውሃው ራሱ ነው አድማሱ። መስመሩ በሰውየው ቅንድብ በኩል አለፈ። አናቱ ላይ አይደለም፣ ሁለት ራስ ከፍ ብሎማ ፈጽሞ አይደለም።

ይህንን ጻፍኩና 7ኛውን ሰው ይቅርታ ጠየቅሁ። ወንድሜ ብዬ።

20ኛው የ7ኛው ሰው መልስ ነው። መጀመሪያ ወንድም አለመሆኗን አረመችኝ። በአማርኛ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ እኔ ደግሞ የሚቆጣ ሁሉ ወንድ ይመስለኝ ነበር። ኮምፒውተር ሳይገባ የሕንፃ ፕላን በእጇ ስትነድፍ የኖረች ሴት ናት። ስለ ዓይኔ የጻፈችው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትርፍ እንደነበር ተቀበለች፤ አራቱን ግን አንዲት ነጥብ አልቀነሰችም። እርስዎ ማለትም ጀምራ ነበር፤ ከአንተው ይልቅ ይህ ቀዘቀዘኝና እንድትተወው ለመንኳት።

ከዚያ የሰባት ቀን ሥራ ሰጠችኝ። ያንኑ ታንኳ፣ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ እየፈለግሁ እንድነድፍ። በመጀመሪያው ቀን አድማስ ብቻ። በሁለተኛው መጠን፦ ክንድን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣት መሀል የሰውየውን ራስ ለክቶ፣ ታንኳው ስንት ራስ እንደሚረዝም መቁጠር። ክርን ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል። በሦስተኛው ቀን ሰውየውን ትቶ ባዶውን መሣል፤ በክንዱ፣ በጉልበቱና በመቅዘፊያው መሀል የተዘጋችውን የውሃ ቁራጭ። ለእጅ ስም አለን፣ ለጉልበት ስም አለን፣ ስለዚህ የምናውቀውን እንሥላለን፤ ለዚያች ቁራጭ ግን ስም ስለሌላት ከማየት በቀር መውጫ የለም። በአራተኛው ቀን ዓይንን አጥብቦ ጥቁርና ነጭን ብቻ መለየት። በቀሩት ሦስት ቀናት የከበደኝን እንድደግም ነበር። እኔን የከበደኝ ሦስተኛው ነው። ያቺን ቁራጭ ስሥላት የማላውቀው አገር ካርታ መሰለችኝ፤ ዙሪያዋን ስጨርስ ግን ሳልሥለው ክንዱ ቆሞ ተገኘ። ደብተሩን ዘግቼ ያየኝ ሰው እንዳለ ዙሪያዬን ገልመጥ አልኩ።

21ኛው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ከላዩ መቅዳት ይበቃል ባይ ነው። 22ኛው የስልክ ሌንስ በቅርብ ሲያነሳ ወደፊት የወጣውን እንደሚያገዝፍ፣ በዚህ ምክንያት ቀርበን ያነሳነው ሰው አፍንጫው እንደሚያብጥ አስረዳ። 23ኛው ቫን ጎኽ በ27 ዓመቱ እንደጀመረና በ37 ዓመቱ እንደሞተ ጠቅሶ ለእኔ ለ41 ዓመቱ መጽናኛ ፈለገ፤ መጽናኛነቱ አልታየኝም። የጠቀመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቫን ጎኽ ክር የተወጠረበት የእንጨት ማዕቀፍ ባሕር ዳርቻ ተክሎ በእሱ ውስጥ እያየ ይነድፍ ነበር፤ ጸሐፊው ያንን ከሸምበቆና ከስፌት ክር ሠርቶ ፎቶውን ለጠፈ። አሁን እኔም አለኝ። ሕፃናት ዓሣ ማጥመጃ ነው ብለው ይጠይቁኛል።

24ኛው ስለ ብርሃን ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 16 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል፣ ፊት ሁሉ ዓይኑ የጎደጎደ ይመስላል፣ ግንዱም ዘንባባውም ክብነቱን ያጣል። ስለዚህ ጥላ መማር የሚፈልግ በጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይውጣ። ጸሐፊው ርቀትን ለመለማመድ ደግሞ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይመክራል፤ 380 ሜትር ስለሚረዝም መስመሮቹ ወደ አንድ ነጥብ ሲሰበሰቡ በዓይን ይታያል።

25ኛው ላይ መምህሩ ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ ክሩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት የ11 ዓመት ተማሪያቸው አህያ ሣለች፤ አራቱም እግሮች በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ጠረጴዛ ነው እንዴ ብለው ቀለዱ፤ ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ በዚያ ዓመት ሌላ ሥዕል አልሣለችም፤ የታዘዘችውን ባዶ ወረቀት ስሟን ጽፋ ትመልስ ነበር። ቀልዱ ትክክል ነበር፤ አህያው ጠረጴዛ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ሁለት ነገር ሳይጠይቁ ስለ ልጅ ሥዕል አይናገሩም፦ ምን ለማሳየት እንደፈለገና የትኛው ቦታ ላይ እንደተቸገረ። ልጁ የተቸገረበትን ቦታ ራሱ ያውቃል፤ የሚያርሙትም እሱን ብቻ ነው። 7ኛዋ ጸሐፊ ከሥሩ ምንም አልጻፈችም፤ ማንበቧን ግን ምልክት አድርጋለች።

26ኛው ከሰል ለሚፈልግ፦ ቀጭን የደረቀ እንጨት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ በስቶ፣ ጢሱ እስኪቆም እሳት ውስጥ መተው። አየር ከገባ አመድ ይሆናል። ከ27ኛው እስከ 29ኛው ስለ እምቦጭ አረም ክርክር ነው፤ ደንገሉ እየሳሳ ነው የሚሉና የለም የሚሉ ተጋጩ። ለታንኳ ሠዓሊ ባዕድ ርዕስ አይደለም፤ ግን ሌላ ክር ይክፈቱለት።

በ30ኛው አዲሱን ንድፌን ለጠፍኩ። አድማሱ ቅንድቡ ላይ፣ መቅዘፊያው ክርን ሠርቶ፣ ዘጌ በኤችቢ ገርጥታ፣ የታንኳው ሥር አንድ ቦታ ጠፍቶ አንድ ቦታ እየታየ። 31ኛው የመጀመሪያው ይሻል ነበር አለ። ጎረቤቴ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። 32ኛው በትሕትና አልተስማማም፤ መስመሬ ቀድሞ እርግጠኛ ነበር፣ አሁን ይጠራጠራል፣ ግን የሚጠራጠር መስመር እያየ ነው አለ። 33ኛው ሴትየዋ ናት። የእጁ ጣቶች አሁንም ሙዝ ናቸው፤ ለጣት ሌላ ወር ያስፈልጋል። ታንኳው ግን በመጨረሻ ውሃ ውስጥ ገባ አለች። ከእሷ ይህ ቅኔ ነው። 34ኛው በምን እርሳስ እንደሠራሁ ጠየቀ።

35ኛውን ትናንት ማታ ጻፍኩት። ጠዋት ሐይቁ ዳር ሳለሁ የምሥላቸው አዛውንት ዓሣቸውን አውርደው ታንኳቸውን እንዲደርቅ ከቋጥኝ ጋር አቁመው አስደገፉ። ስምንት ወር ከሩቅ ሰላም ተባብለናል፤ ሥዕሉን አሳይቻቸው ግን አላውቅም። አባቴ፣ ይህ እርስዎ ነዎት ብዬ ደብተሩን ዘረጋሁ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ፊታቸውን አላዩም። ጣታቸውን የታንኳው ሥር ላይ አድርገው ቆዩና ይህ ደንገል ውሃ ጠጥቷል፣ አሮጌ ነው፣ በዚህ ማዶ አልሻገርበትም አሉኝ። እኔ ታንኳ ውሃ ውስጥ ይግባ ብዬ በጣም አስጥሜው ኖሯል። አዲስ ደንገል ሲሆን ምን ያህል እንደሚገባ ጠየቅኋቸው። አራት ጣታቸውን ገጥመው የታንኳውን ጎን ከታች ለኩልኝ፤ እርጥቡ ከደረቁ የሚለይበት ጠቆር ያለ መስመር እዚያው ይታይ ነበር። ላጲሴን አወጣሁ፤ እሳቸውም እስክጨርስ ደብተሩን በአንድ በኩል ያዙልኝ።